ኪኑዮ ታናካን ከየት ልጀምር?

ሜሮን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ሳንዳካን 8» የሚለውን የ1974 የጃፓን ፊልም አየሁ። አሮጊቷን ሆና የምትጫወተው ኪኑዮ ታናካ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ዳይሬክተርም ነበረች ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ሌላ ምኗን ልይ?

የድሮ ፊልም ወዳጅ፦
እውነት ነው ሜሮንዬ። በ1909 ሺሞኖሴኪ ተወለደች (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ14 ዓመቷ ሾቺኩ ስቱዲዮ ገባች። በ1931 ጃፓን የመጀመሪያውን ሙሉ ባለድምፅ ፊልም ስትሠራ ሚስትየዋን የተጫወተችው እሷ ነች።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ የ1950ው ጉዳይ ነው። በበጎ ፈቃድ መልእክተኛነት አሜሪካ ቆይታ ተመለሰች። ኪሞኖ ለብሳ የሄደችው ሴት በጥቁር መነጽርና በፈረንጅ ልብስ መጣች፤ ሊቀበላት ለወጣው ሕዝብም ከሩቅ በእጇ እየሳመች ሰላምታ ሰጠች። ጋዜጦቹ አብጠለጠሏት! ጃፓን በአሜሪካ የተሸነፈችበት ጦርነት ካበቃ 5 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ቁስሉ ይገባኛል። ግን ያ ሁሉ ቁጣ አንዲት ተዋናይት ላይ መውረዱ ግፍ ነው።

አንድ ፊልም ብቻ የምታዪ ከሆነ የዳይሬክተር ሚዞጉቺን «ሳንሾ» (1954) እዪ። እናትየዋን ሆና ነው የምትጫወተው። መጨረሻው ላይ ልጇ ሳዶ ደሴት ድረስ ሄዶ ያገኛታል። ዓይኗ ጠፍቷል፤ ባሕሩ ዳር ተቀምጣ የልጆቿን ስም እየጠራች ታንጎራጉራለች። ልጅሽ ነኝ ሲላት የሚያሾፍባት ይመስላታል፤ ትገፈትረዋለች። ትንሿን የካኖን (የቡድሂስቶች የምሕረት አምላክ) ቅርጽ እጇ ላይ ሲያኖርላት ግን ጣቶቿ ይለዩታል። ከዚያ ፊቱን ትዳብሳለች። ያኔ ገና 44 ዓመቷ ነበር፤ እኔ ግን አሮጊት እናት እንጂ ሌላ አልታየኝም።

ዳይሬክተርነቱን በ1953 ጀመረች፤ እስከ 1962 ስድስት ፊልም ሠርታለች። የሚገርመው፣ ትልልቅ ሚናዎች የሰጣት ሚዞጉቺ ራሱ ዳይሬክተር መሆኗን ተቃወመ። ሌላው ዳይሬክተር ኦዙ ደግሞ ለሁለተኛው ፊልሟ ስክሪፕት ሰጣት።

ዳዊት፦
«ናራያማ»ን (1958) አትርሺ። ልጇ ተራራ ላይ ተሸክሟት ወጥቶ የሚተዋትን እናት ሆና ነው የምትሠራው። ለዚህ ሚና የፊት ጥርሶቿን አስነቅላለች።

ሜሮን፦
ጥርሷን?! እሺ፣ እሷ ዳይሬክት ካደረገቻቸውስ የትኛውን ላስቀድም?

የድሮ ፊልም ወዳጅ፦
በጡት ካንሰር ስለሞተችው ገጣሚ ስለ ፉሚኮ ናካጆ የሠራችውን፣ የ1955ቱን። ሴትየዋ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጓደኛዋ ቤት ገላዋን ስትታጠብ የተቆረጠውን ደረቷን ለጓደኛዋ ታሳያታለች። ታናካ ታማሚዋን ለማስለቀሻ አልተጠቀመችባትም፤ ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ትመኛለች፣ ትቆጣለች፣ ትጽፋለች። በ1955 ይህን የደፈረ ዳይሬክተር ብዙ አይገኝም።

ለ«ሳንዳካን 8» ደግሞ በ1975 በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አግኝታለች። ያረፈችው በ1977 ነው። ናካጆን ካየሽ በኋላ ተመልሰሽ ንገሪን፤ በተለይ ስለዚያ የመታጠቢያ ቤት ትዕይንት ብንነጋገር ደስ ይለኛል።