የ8ኛው ቀን ግርዛት፦ ሕግ እያለ ለምን አልቀረም?

ከደምቢያ (ጠያቂ)
የሴት ልጅ ግርዛት ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በወንጀል ያስጠይቃል። ስብሰባ ላይ ሁሉም «ቀርቷል» ይላል፤ ሕፃናቱ ግን በጓዳ ይገረዛሉ። ጎንደር ዙሪያ የሚሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከየት ይጀምር? ቅጣቱስ ቢጠብቅ ይሻላል?

አዋላጅ
ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ የምትገረዘው እንደ ወንዱ በ8ኛው ቀን ገደማ ነው። እናቷ ገና አራስ ናት፤ ቤቱን የምታዝዘው አያት ናት፣ ገራዧንም የምታስጠራው እሷው። እናትን ብቻ አስተምሮ መመለስ ስለዚህ አይበቃም። በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ላይ አያቷም ትጠራ፣ ባልም ይምጣ። ከወሊድ በኋላ ያለውን የ3ኛና የ7ኛ ቀን የቤት ጉብኝት በምንም ምክንያት አትዝለሉ። በተለይ 7ኛውን፤ ማግስቱ ምላጭ ነው።

ለአያት «ጎጂ ልማድ ነው» ማለት ብዙም አይገባትም፤ ደሙን ንገሯት። 3 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በሰውነቷ ያለው ደም 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሦስት የቡና ስኒ ቢሆን ነው። አንዱ ስኒ ከፈሰሰ ነፍሷ አደጋ ላይ ነው። ቤት ተወልዳ የቫይታሚን ኬ መርፌ ካልወሰደች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሟ ቶሎ ላይረጋ ይችላል።

ተገርዛ ከተገኘች ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ሳያነሱ መጫን፣ ማሞቅ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ማድረስ። ቅቤም አመድም አይደረግ። ክስ ፈርቶ ማዘግየት ልጅን ይገድላል።

የሕግ ባለሙያ
በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 ገራዧ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ትቀጣለች። ብልትን በክር መስፋት ካለበት አንቀጽ 566 ነው፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት፣ የአካል ወይም የጤና ጉዳት ከደረሰ ከ5 እስከ 10። ማጥበቁን አልቃወምም፤ ግን ምስክሩ ማን ነው? አያት፣ ገራዧና ጎረቤት፣ ሁሉም የአንድ እድር ሰዎች። ቅጣት ብቻውን ሲመጣ ምላጩን ወደ ጓዳ ይገፋዋል።

ቁጥርም ስታነቡ ተጠንቀቁ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት በ1992 ዓ.ም. 80 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 65 በመቶ ነበሩ። ከ15 ዓመት በታች ላሉት 16 በመቶ ተብሏል፤ ይህ ግን እናት ስለ ልጇ የተናገረችው ነው፣ ያውም የሚያስከስሳትን ነገር።

ከአዘዞ
አዋላጇ ላይ የምጨምረው የንስሐ አባትን ነው። «ሃይማኖት ነው» ለሚል፣ አፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግርዛት የአገር ልማድ እንጂ የእምነት ግዴታ እንዳልሆነ ገልጸዋል። የጎንደር ቤተ እስራኤልም ይህ ልማድ ነበራቸው፤ እስራኤል ከገቡ በኋላ በአንድ ትውልድ ተዉት። እምነታቸው አልተለወጠም፣ የተለወጠው «ጎረቤት ምን ይላል» የሚለው ነው።

ያልተገረዘች «ዕቃ ትሰብራለች»፣ «ምጥ ይጸናባታል» የሚባለውም አለ። ምጡ የሚብሰው በተገረዘችው ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ6 የአፍሪካ አገሮች ከ28,000 በላይ ወላዶችን አጥንቶ በተገረዙት ላይ ደም መፍሰሱም ቀዶ ሕክምናውም በዝቶ አግኝቶታል። ለ«ባል አታገኝም» ግን ከምክር ይልቅ ሠርግ ይሠራል። ከምባታ ውስጥ የእነ ቦጋለች ገብሬ ማኅበር ሰውን ለወራት አወያይቶ ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ዳረ። እዚህም የወንድ ልጅ ወላጆች በእድራቸው ፊት «ያልተገረዘች እንድራለን» ብለው ቃል ቢገቡ፣ አያቲቱ ገራዧን የምትጠራበት ምክንያት አይኖራትም።