«ተኮሰ» ምን ማለት ነው? መልሱ የከሰል ካውያዋ ውስጥ ነው

አንዷ እህታችን «ልብስ ተኮሰ» እና «ጠመንጃ ተኮሰ» እንዴት በአንድ ቃል ይባላሉ ብላ ጠይቃለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ እናቴ ቤት ቁምሳጥን አናት ላይ ተቀምጧል፤ የከሰል ካውያ።

ላላያችኋት ልንገራችሁ። ከባድ ብረት ናት፣ ሆዷ ባዶ። ክዳኗን ከፊት የምትይዘው ትንሽ የአውራ ዶሮ ቅርጽ አለች። እሷን ወደ ጎን ታዞሩና ክዳኑን አንስታችሁ ፍም ትሞሉባታላችሁ። ጎንና ጎኗ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሏት። ፍሙ ሲደክም እናቴ ደጅ ይዛት ትወጣና ቄስ ጽና እንደሚያወዛውዙት ወዲያ ወዲህ ታደርጋታለች፤ ያኔ ፍሙ ቦግ ይላል። ልብሱ ላይ ውሃ እፍ ብላ ጫን ስታደርጋት ደግሞ ጭስስ የምትለው ድምፅና የሞቀ ጨርቅ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። አመድ ነጠላው ላይ ጠብ ካለ ግን አለቀ፣ እንደገና እጥበት ነው።

እንግዲህ ወደ ቃሉ። «ተኮሰ» (በቀድሞው አጻጻፍ ተኰሰ) መሠረቱ በእሳት ወይም በጋለ ነገር ማቃጠል ነው። የባህል ሐኪም ሕመሙ ላይ የጋለ ብረት ሲያሳርፍ «ተኮሰው» እንላለን። ከብት በጋለ ብረት ምልክት ሲደረግበትም ተተኮሰ ነው። የጥንቱ ጠመንጃም ባሩዱ እሳት ሲነካው ነበር የሚጮኸው። ትኩስ፣ ትኩሳት፣ ተኩስ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ደግሞ «ካውያ» ራሱ ነው። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያም ግሱ «ከዋ» ልብስ መተኮስም ነው፣ ሕመምን በጋለ ብረት ማቃጠልም ነው። ልክ እንደኛው! ዕቃውን ከነስሙ ተቀበልን፣ ለሥራው ግን የራሳችን ግስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ዛሬ ካውያ ማለት ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ነው። እሳቱ አይታይም። ስለዚህ ልጆች ልብስና ጥይት ምን አገናኛቸው ቢሉ አይፈረድባቸውም። የድሮ ዕቃ አትጣሉ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው፤ ዕቃው ሲጠፋ የቃሉ ምስክርም አብሮ ይሄዳል። (መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ብቅ በሉ። የቦታው ስም ራሱ አንድ ቀን ልንወያይበት የሚገባ ነው።)

«ፔርሙዝ»ን ከቻይና የመጣ ቃል ነው ያልከው ወንድሜ፣ ዕቃውን ልክ ነህ። ያ ጽጌረዳና ጣዎስ የተሳለበት፣ በቡሽ የሚከደነው፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከቢፌ የሚወርደው ፔርሙዝ የቻይና ነው። ቃሉ ግን ግሪክ ነው። «ቴርሞስ» ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ጀርመን አገር የንግድ ስም ሆኖ ወጣ፤ እኛ ጋ ሲደርስ አፋችን ፔርሙዝ አደረገው። ትርጉሙስ? ትኩስ! «ትኩስ ነገር ልጋብዝህ» ብላችሁ ሻዩን ከፔርሙዝ ስትቀዱ አንዱን ቃል በሁለት ቋንቋ እየደገማችሁት ነው።

ቻይና የምትገኘው ሲኒ ውስጥ ነው። በዐረብኛ «ሲኒ» ማለት «የቻይና» ማለት ነው፤ ያ ስስ የቻይና ሸክላ ስሙን ይዞ ረከቦታችን ላይ ተደረደረ። ላምባም እንዲሁ ተጉዟል፤ ስሙ የመብራቱ ነበር፣ እኛ ጋ ለሚነደው ጋዝ ተሰጠ።

ይህን ልጽፍላችሁ ስል እናቴ ጋ ደውዬ ካውያዋ አለች ወይ አልኳት። «አለች፤ ስትመጣ ዶሮዋን አዙረህ ክፈታት» አለችኝ። እሁድ ሄጄ ከፈትኳት። ውስጧ ግማሽ የነደደች አንዲት የከሰል ቁራጭ ነበረች።