180 ዲግሪ ላይ ስሌቴ አልገባኝም፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ ፖላራይዝድ ብርሃን (ሞገዱ በተወሰነ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን) በጥቃቅን ቅንጣቶች ሲበተን በኮድ እያሰላሁ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

ብርሃኑን በስቶክስ ቬክተር፣ ማለትም የብርሃኑን ብርታትና ፖላራይዜሽን በሚገልጹ አራት ቁጥሮች፣ ይዤዋለሁ፦ አይ፣ ኪው፣ ዩ፣ ቪ። ቅንጣቶቹ ከሞገድ ርዝመቱ በጣም ስለሚያንሱ የሬይሊን ሙለር ማትሪክስ (ብርሃኑ ሲበተን አራቱ ቁጥሮች እንዴት እንደሚለወጡ የሚያሰላ የቁጥር ሰንጠረዥ) ተጠቀምኩ። ቬክተሩን በፋይ አዙሬ ወደ መበተኛው ፕሌን (የመጪውና የተበተነው ብርሃን መስመሮች ወደሚገኙበት ጠፍጣፋ ገጽ) አስገባዋለሁ፤ ፋይ ይህ ፕሌን በመጪው ብርሃን መስመር ዙሪያ የዞረበት ማዕዘን ነው። ከዚያ በማትሪክሱ አባዛዋለሁ፣ ከዚያ በማይነስ ፋይ እመልሰዋለሁ። ፖላራይዝድ ያልሆነ ብርሃን ልኬ ሳሰላው፣ ከመጣበት አቅጣጫ 90 ዲግሪ ታጥፎ የተበተነው ሙሉ በሙሉ ፖላራይዝድ ሆኖ ወጣ። እስከዚህ ልክ ነው፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጣጣው የመጣው ብርሃኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው፣ ማለትም 180 ዲግሪ ላይ። በ45 ዲግሪ ፖላራይዝድ የሆነ ብርሃን ልኬ ዩን ለአይ ሳካፍለው፣ ፋይ 0 ሲሆን ማይነስ 1 ይሰጠኛል። ፋይን 45 ሳደርገው ፕላስ 1! ይሄ ሊሆን አይችልም። በመጣበት መስመር ቀጥ ብሎ የተመለሰ ብርሃን አንድ የተወሰነ ፕሌን የለውም፤ ስለዚህ ፋይ መልሱን መለወጥ የለበትም።

መመለሻውን በፕላስ ፋይ ስሞክረው 180 ይስተካከላል፣ 0 ዲግሪ (ብርሃኑ ሳይታጠፍ ወደ ፊት ሲያልፍ) ደግሞ ይበላሻል። አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል።

ምናልባት ኤክስ እና ዋይ አክሲሶቹን ከብርሃኑ አቅጣጫ ጋር አብሬ ማዞር ነበረብኝ? ብርሃኑ ደጋግሞ ሲበተንስ የፋይን ምልክት በምን ልወስን? ይህን የሠራችሁ ካላችሁ፣ የአንዷን እርምጃ ስሌት ብቻ ብታሳዩኝ ትልቅ ውለታ ነው።