ለሲግድ (የቤተ እስራኤላውያን በዓል) እዚህ እስራኤል የምናቀርበው የሸክላ ሳህን ዕቅድ፤ ከየከተማው ያላችሁ እስከ እሑድ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ የ7ቱ ሳህን ንድፍ ተያይዟል። ጎንደር ካለችው አምቦበር መንደር በሌሊት መውጣት፣ በረሃው፣ ሽማግሌው፣ የሱዳኑ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ፣ መንገድና ሱዳን ሞተው የቀሩት ወደ 4,000 ወገኖች መቃብር፣ ከሱዳን ወደ እስራኤል ያመጣን የ1984ቱ (እ.ኤ.አ.) አውሮፕላን፣ ኢየሩሳሌም። ማዘጋጃ ቤቱ የሚረዳው ታሪክ የሚናገር ሥራ ብቻ ነው።

ቤርሼባ፦ ሦስተኛው ላይ ሽማግሌው አህያ ላይ ነው የተቀመጡት። ይታረም።

ሠዓሊዋ፦ በቅሎ ነው።

ቤርሼባ፦ ጆሮውን እዪዋ!

ነታንያ፦ አህያስ ቢሆን? አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው የመጣው።

ቤርሼባ፦ ቄስ አያቴን አህያ ላይ አውጥታችሁ ሕዝብ ፊት ልታቆሟቸው?

አሽዶድ፦ ያንተ አያት ናቸው ያለህ ማነው? ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣነው የት ገባን? በ36 ሰዓት ከ14,000 ሰው በላይ እኮ ነው።

ቤርሼባ፦ መጀመሪያ የአህያው ይለቅ።

ወለቃ፦ እኔን የቆረቆረኝ ቀለሙ ነው። እኛ ቤት፣ ጎንደር ወለቃ፣ ሰሎሞንና ሳባ፣ አንበሳው፣ ሁሉም በጭቃው ብቻ ነበር የሚሠራው። እናቶቻችን በዚህ ሙያ ቡዳ ሲባሉ ኖረው፣ አሁን እጃቸውን በቀለም እንሸፍነው?

ሠዓሊዋ፦ በረሃውን ሳህን ላይ በጭቃ ብቻ አሳዪኝ። ቀለሙ ተቀብቶ፣ መስታወት መሳይ ሽፋን ፈስሶበት፣ በ1,000 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል። የኩበት እሳት አይበቃውም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ምድጃ በጀቱ ላይ የለም።

ረሖቮት፦ ወንድሜ የሚሠራበት ቦታ አለ። እኔ እጨርሰዋለሁ።

ቤርሼባ፦ ስለ በቅሎው ማንም አልመለሰልኝም።

ሠዓሊዋ፦ እንግዲያው ራስህ ሳለው። እኔ የለሁበትም።

ነታንያ፦ ኧረ ተዉ! አንድ ጆሮ ለማሳጠር ነው ይሄ ሁሉ?

ቤርሼባ፦ እሷን መች ነካኋት? ሥዕሏን እንደምወደው ታውቃለች።

ሠዓሊዋ፦ ጆሮው አጥሯል። ሌላ ነገር አልነካም።

አሽዶድ፦ መቃብር ያለበት ሳህን ላይ ማን ይበላል?

ጸሐፊ፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የሚሰቀል አይሸጥም። የአምናው ስፌት እስካሁን መጋዘን ነው። ሲኒ ይሻላል። የቄሶቹን ዣንጥላ በቀለም ብንስልበት ያምራል፤ ትንሽ ስለሆነም ብዙውን አንድ ላይ መተኮስ ይቻላል።

ወለቃ፦ ሲኒ ከሆነ እኔም አለሁ።

ነታንያ፦ ታሪኩስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ 2 ሳህን ብቻ እንሥራ፤ መቃብሩና አውሮፕላኑ። የቀረው ሲኒ ይሁን። ረሖቮት፣ ምድጃው ምን ደረሰ?

ጸሐፊ፦ ረሖቮት?

አሽዶድ፦ ከቡድኑ ወጥታለች መሰለኝ። ሲኒውን 40 ሸቀል በሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ በ40 ምድጃ አንከራይም። 55።