የ12 ዓመት ልጄ በዋና ውድድር ባለችበት ቆማለች፤ ልምምዷን እናብዛ ወይስ እንታገሥ?

ጠያቂ፦ እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

በዋና ልምድ ላላችሁ ወላጆችና አሠልጣኞች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ በልጅነታችን ወንዝ ዳር ደርሶ መመለስ ራሱ የሚያስቆጣ ነገር ስለነበር እስከ ዛሬ ዋና አልችልም፤ ባለቤቴም ከእኔ አይሻልም። ልጃችንን በስድስት ዓመቷ ዋና ያስመዘገብናትም ለደኅንነቷ ብለን እንጂ ውድድር አስበን አልነበረም። እርሷ ግን ውኃውን ወደደችው። በዘጠኝ ዓመቷ ክለብ ገባች፤ 10 ዓመትና ከዚያ በታች በሆኑ ልጆች የዕድሜ ክልል ትወዳደር በነበረበት ጊዜም በ50 እና በ100 ያርድ ነፃ ቀዘፋ ከክለቡ ልጆች የሚቀድማት አልነበረም።

አሁን 12 ዓመት ሞልቷታል። ባለፉት አሥር ወራት በ100 ያርድ ያሻሻለችው አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ቀድሞ ከኋላዋ ይመጡ የነበሩ ሁለት ጓደኞቿም ዛሬ ይቀድሟታል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ቁመቷ 8 ሴንቲሜትር ጨምሯል፤ ይህን የምጠቅሰው ነገሩ ይገናኝ እንደሆነ ስለማላውቅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከውድድር ስንመለስ መኪና ውስጥ አለቀሰችና «እማ፣ ሰነፍ ሆኜ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ክለቡ በሳምንት ሦስት ቀን ከሚለማመደው ቡድኗ ወጥታ ስድስት ቀን ወደሚለማመደው ቡድን እንድትዛወር ሐሳብ አቅርቦልናል። ከስድስቱ ቀናት በሁለቱ ልምምዱ የሚጀመረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ ዕድሉ ሊያመልጣት አይገባም ይላል፤ እኔ ግን እንዳትሰለችና እንዳትጎዳ እሰጋለሁ። ከዚህ ሌላ ፀጉሯ በክሎሪን እየተሰባበረ ነው፤ ዐቢይ ጾምም እየቀረበ ነው፤ እርሷም መጾም ትፈልጋለች። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ አሠልጣኝ ከሰሜን ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ማሠልጠን ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የጻፉትንም ታሪክ በየዓመቱ ከአንድ ወላጅ እሰማዋለሁ። ጽሑፍዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው 8 ሴንቲሜትሩ ላይ ነው። ይገናኛል፣ በጣም ይገናኛል።

ሴቶች ልጆች በአማካይ በ12 ዓመት ገደማ፣ ወንዶች ደግሞ በ14 ዓመት ገደማ ቁመታቸው በከፍተኛ ፍጥነት ይጨምራል። በዚህ ወቅት እጅና እግር ቀድመው ይረዝማሉ፤ ጡንቻው ግን ወዲያው አይደርስባቸውም። ስለዚህ ልጅቱ በአጭሩ ክንዷ የለመደችውን ቀዘፋ በረጅሙ ክንዷ እንደ አዲስ ልትማረው ይገባል። በእንዲህ ያለ ዓመት ሰዓቷን ሳታበላሽ መቆየቷ ራሱ የሥራዋ ውጤት ነው። በ10 ዓመት የሚያሸንፉት ብዙውን ጊዜ ሰውነታቸው ቀደም ብሎ የጎለመሰ ልጆች ናቸው፤ ሌሎቹ ሲያድጉ ልዩነቱ ይጠባል። ለጥያቄዋ የሚመልሱላት ይህንኑ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ማብራሪያ በሚገባ ትረዳለች፤ ሲነገራትም ትጽናናለች።

አሁን ወደ ውኃው ልግባ። በ25 ያርድ ገንዳ ውስጥ 100 ያርድ መዋኘት ማለት አንድ መነሻና ሦስት መዞሪያ ማለት ነው። በአራቱም ግድግዳውን ገፍታ ስትወጣ ክንዶቿን ከጆሮዎቿ በላይ ዘርግታ፣ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርባ፣ እንደ ቀስት ቀጥ ብላ ትሄዳለች ወይ? ደንቡ በነፃ ቀዘፋ ከግድግዳው እስከ 15 ሜትር ድረስ በውኃ ውስጥ መጓዝን ይፈቅዳል፤ ብዙ የ12 ዓመት ልጆች ግን ሦስትና አራት ሜትር ሳይሄዱ ራሳቸውን ቀና አድርገው ይወጣሉ፤ ከግድግዳው ያገኙትን ፍጥነትም ያባክኑታል። በእያንዳንዱ ግድግዳ ግማሽ ሰከንድ ብታተርፍ በአጠቃላይ ሁለት ሰከንድ ነው፤ ይህም ልምምድ በመደራረብ የሚገኝ ሳይሆን አሥር ደቂቃ ለብቻው ተሰጥቶት በየቀኑ በማረም የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው የቀዘፋዋ ብዛት ነው። ከመቀመጫዎ ሆነው በአንድ 25 ያርድ ውስጥ እጆቿ ስንት ጊዜ ውኃ እንደሚይዙ ይቁጠሩ፤ ለዚህ ዋና መቻል አያስፈልግም። በተመሳሳይ ፍጥነት እየዋኘች ቁጥሩ በየወሩ ከቀነሰ ክንዷ ውኃውን በደንብ መያዝ ጀምሯል ማለት ነው፤ ሰዓቷም ውሎ አድሮ ይከተላል። ቁጥሩ የማይቀንስ ከሆነ እጇ ከገባ በኋላ ክርኗ ወደ ታች እየወደቀ እንደሆነ፣ ወይም ለመተንፈስ ፊቷን ወደ ጎን በማዞር ፈንታ ራሷን ወደ ላይ እያነሣች እንደሆነ አሠልጣኟ እንዲመለከት ይጠይቁ። ራስ ሲነሣ ዳሌ ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ እግሯ የሚመታው ወደ ፊት ለመሄድ ሳይሆን ላለመስጠም ይሆናል።

ስለ ስድስቱ ቀናት ሐሳቤን በግልጽ ልንገርዎት። ከሦስት ወደ ስድስት በአንድ ጊዜ መዝለል ተገቢ አይመስለኝም። አራት የማታ ልምምዶች፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ አምስት ቢሆን የተሻለ ነው። የሌሊቱ ልምምድ ሊዘገይ ይችላል። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ፤ ልጅዎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የምትነሣ ከሆነ ዝቅተኛውን ለማሟላት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መተኛት ይኖርባታል። የቤት ሥራ ያለባት ልጅ ይህን እንዴት ትችለዋለች? ዕድገቱ ደግሞ የሚከናወነው በእንቅልፍና በዕረፍት ጊዜ ነው።

ትከሻዋን በተመለከተ ድካምና ሕመም ተለይተው ይታዩ። ከልምምድ በኋላ ጡንቻ ቢዝል ጤናማ ነው፤ ክንዷን ስታነሣ ትከሻዋን ከፊት ለፊት የሚወጋት ከሆነ ግን የዚያን ቀን ልምምድ ይቁም፤ ሐኪምም ይያት። በእጅ የሚጠለቁትን የፕላስቲክ መቅዘፊያዎች በዚህ ዕድሜ አልመክራቸውም። ለፍጥነት ተብሎ የተሠራውን ውድ የውድድር ልብስ መግዛትም አያስፈልግም፤ የአሜሪካ የዋና ማኅበር ከመስከረም 2020 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች እንዲህ ያለውን ልብስ ከልክሏል፤ እኔም ክልከላውን እደግፈዋለሁ።

መልስ 2፦ አባት ከሲያትል

አሠልጣኙ የተናገሩትን አከብራለሁ፤ በአንድ ነጥብ ግን እለያለሁ። ልጄ ዛሬ 16 ዓመቱ ነው። እኛም እንደ እርስዎ ፈርተን እስከ 14 ዓመቱ ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንዲለማመድ አደረግን፤ በኋላ ወደ ትልቁ ቡድን ሲገባ ጫናው በአንድ ጊዜ ወደቀበት፤ አንድ ሙሉ ዓመትም ተቸገረ። በሩጫ የምናሳድጋቸው ልጆች በእግራቸው ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ፤ ዋናተኛ ግን ከገንዳ በወጣ ቁጥር ውኃውን ይረሳል። አሠልጣኝ ቦብ ቦውማን አሜሪካዊውን ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስን ባልቲሞር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር ልጁ 11 ዓመቱ ነበር፤ በ15 ዓመቱም በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ አምስተኛ ወጣ። ዋናተኛዋ ኬቲ ሌዴኪም ከእናንተ ቅርብ ከሆነችው ከቤቴስዳ ተነሥታ በ2012 ለንደን ላይ በ800 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ገና 15 ዓመቷ ነበር። ስለዚህ መታገሥ ማለት መተው እንዳይሆን እለምናለሁ።

ሌላው ጉዳይ እኛን ወላጆችን የሚመለከት ነው። እኔ በውድድር ጊዜ የራሴን የሰዓት መቁጠሪያ ይዤ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ልጄ ግድግዳውን ነክቶ ቀና ሲል አሠልጣኙን ትቶ ወደ እኔ መመልከቱን አስተዋልሁ፤ ፊቴ ላይ ውጤቱን ሊያነብ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠሪያውን ቤት ትቼ መጣሁ፤ ቤት እስክንደርስም ስለ ሰዓት አላነሣበትም፤ ራሱ ካነሣው እሰማለሁ። በምትኩ በውድድር ቀን በፈቃደኝነት የመስመር ሰዓት ያዥ ሆንሁ። በዚህ አገር ውድድሩ የሚካሄደው በወላጆች እጅ ስለሆነ ሥራውን በደቂቃዎች ያስተምራሉ። ግድግዳው አጠገብ ቆሜ በደረት ቀዘፋና በቢራቢሮ ሁለቱም እጆች በአንድ ጊዜ ካልነኩ ልጁ ከውድድር ውጪ እንደሚሆን ያወቅሁት በዚያ ነው። ከላይ ከመቀመጫ ሆኜ ስበሳጭባቸው የነበሩ ብዙ ነገሮችም ቀርቤ ሳያቸው ምክንያታቸው ገባኝ።

የመልስ 1 ጸሐፊ ጨምሮ የጻፈው

ወንድሜ፣ ልጅዎ የገጠመውን እኔም በሌሎች ልጆች ላይ አይቻለሁ፤ ሦስት ቀን ይበቃል ያላልሁትም ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ፌልፕስንና ሌዴኪን መለኪያ ማድረግ ለአንድ ሕፃን ከባድ ሸክም ነው። በ2016 ሪዮ ላይ 100 ሜትር የደረት ቀዘፋን በ57.13 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው እንግሊዛዊው አዳም ፒቲ በሕፃንነቱ ውኃ ይፈራ ነበር። ስዊድናዊቷ ሣራ ሾስትሮም ደግሞ በ14 ዓመቷ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆና በ30 ዓመቷ በ2024 ፓሪስ ላይ በ50 እና በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ሁለት ወርቅ አገኘች። ከሁሉ ይልቅ የማከብረው በእነዚያ 16 ዓመታት ውስጥ ከውኃው አለመለየቷን ነው። ልጅቱ በ18 ዓመቷም መዋኘት የምትወድ ከሆነች እኛ ሥራችንን ሠርተናል። እስከዚያው በአራቱም የቀዘፋ ዓይነቶች ትወዳደር፤ በተለይ አራቱም በአንድ ውድድር የሚዋኙበትን 200 ያርድ ድብልቅ ቀዘፋን እንዳትሸሽ፤ ደካማ ጎኗን የሚያሳያት እርሱ ነው።

መልስ 3፦ የሁለት ዋናተኞች እናት፣ ዳላስ

እህቴ፣ ወንዶቹ ያልነኩትን ልንገርሽ። ፀጉሯ ውኃ ውስጥ ከመግባቷ በፊት በንጹሕ ውኃ በደንብ ይራስ፤ አስቀድሞ የጠገበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙ አይጠጣም። ከዚያ ኮንዲሽነር ቀብተሽ ኮፍያውን አልብሻት፤ እንደወጣች ሳትቆይ ትታጠብ። ሹሩባ ስትሠሪያት ቀጭንና ወደ ማጅራት የወረደ ይሁን፤ አናት ላይ የተከመረ ከሆነ ኮፍያው ይንሸራተታል። ለወፍራም ፀጉር የተሠራ ሰፊ ኮፍያም አለ፤ ሶል ካፕ የተባለውን የዓለም የዋና ፌዴሬሽን በ2021 ከልክሎ በመስከረም 2022 ለውድድር ፈቅዶታል። የእኔ ሴት ልጅ በፀጉሯ ምክንያት ዋናውን ልትተወው ደርሳ ነበር። ያን ጊዜ ሲሞን ማኑዌል በሪዮ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን ያሸነፈችበትን ውድድር አብረን ተመለከትን፤ በግል ውድድር የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ዋናተኛ መሆኗንም ነገርኋት።

ጾሙን በሚመለከት ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ በ25 ያርድ ገንዳ የሚካሄዱት ዋና ዋና ውድድሮች በመጋቢት ላይ ስለሚውሉ ሁለቱ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይገናኛሉ። እኛ ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግረን ልጆቹ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ እንዲጾሙ፣ ሰዓቱን ግን እንዳይጠብቁ ፈቀዱልን። በእኔ ልምድ ልጆቹን የሚጎዳው ባዶ ሆድ እንጂ የጾም ምግብ አይደለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ የተልባ ፍትፍት፣ የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ፣ አቮካዶ፤ ከልምምድ በኋላ ሳይዘገይ ከቀረበ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። በዚህ ዕድሜ የወር አበባ ይጀምራል፤ የብረት ማነስም አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ልጅቱም ሳትታመም ዝም ብላ ትደክማለች። ሐኪሟ ደሟን ይመርምርላት። ስለ ወር አበባውም ገና ሳይመጣ አንቺ ራስሽ አነጋግሪያት፤ እኛ ከእናቶቻችን ያልሰማነውን ልጆቻችን መልበሻ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን እንዲያውቁት መተው የለብንም።

ጠያቂዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ የጻፈችው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከአሠልጣኟ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ለጊዜው አራት የማታ ልምምዶች እንዲሆኑ፣ የሌሊቱ ልምምድ እስከ መጪው መስከረም እንዲቆይ ተስማማን። ባለቤቴም የሲያትሉ አባት የጻፉትን ካነበበ በኋላ ሦስት ቀን ይብቃ አለማለታችን አስደስቶታል። የደም ምርመራው የብረት ማነስ እንዳለባት አሳይቷል፤ ሐኪሟ ያዘዘላትን መድኃኒት ጀምራለች፤ የንስሐ አባታችንም ይህን ሰምተው ዘንድሮ በምግቧ እንዳንጨነቅ መክረውናል። ስለ ቁመቷ ያስረዳኋት ዕለት ወዲያው ተነሥታ በበሩ መቃን ላይ ራሷን ለካች።

ቀዘፋዋንም እየቆጠርሁ ነው፤ በ25 ያርድ 22 የነበረው ባለፈው ሐሙስ 20 ሆኗል፤ ሰዓቷ ግን ገና አልተለወጠም። በመጪው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ 200 ያርድ ድብልቅ ቀዘፋ ትወዳደራለች፤ የደረት ቀዘፋዋ ደካማ ስለሆነ ትሰጋለች። እኔም ለዚያ ቀን የመስመር 4 ሰዓት ያዥ ሆኜ ተመዝግቤያለሁ።