ባሚያዬ እጄን አሳከከኝ፣ ፍሬውም ገመድ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

የመተማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ ሲገባ ጓሮዬ ላይ አንድ መደብ ባሚያ ዘርቼ ነበር። አሁን ከወገቤ በላይ ሆኗል፤ አበባውም ቢጫ፣ መሃሉ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ግን ስለቅመው ክንዴ እስከ ክርኔ ቀልቶ ያሳክከኛል፤ ትናንትማ ሌሊቱን ሙሉ ሳክ አደርኩ። ደግሞ "ትንሽ ይደግ" ብዬ የተውኩት ፍሬ ብቀቅለው ብቀቅለው አልበስል አለ፤ እንደ ገመድ ነው የሚታኘከው። ዘሩ ነው ወይስ የኔ ጥፋት?

የአሶሳው ገበሬ፦
እህቴ፣ ዘርሽ ደህና ነው። እኛ ጋ በርታዎች ከንከሴ ይሉታል፤ የጥጥና የከርከዴ ዘመድ ስለሆነ ሲያረጅ እንደ ቃጫ ያለ ጭረት ይይዛል። አበባው የአንድ ቀን ነው። እሱ ከረገፈ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ቁረጪው፤ እኛ አንድ ቀን እየዘለልን ነው የምንለቅመው። ከተጠራጠርሽ ጫፉን በጣትሽ ስበሪው። ቀጭ ካለ እሸት ነው፣ ከታጠፈ አልፎበታል። ያለፈበትንም ቢሆን ቆርጠሽ ጣዪው እንጂ ግንዱ ላይ አትተዪው፤ ተክሉ ጉልበቱን ዘር ማብሰል ላይ ያውልና ማበቡን ይቀንሳል። ለዘር የምትፈልጊውን ሁለት ሦስት እግር ብቻ ክር አስረሽ ለዪ።

ነርሷ፦
የሚያሳክክሽ ደቃቁ ጸጉሩ ነው። አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገሽ ብታዪ ጠርዙ ላይ ቆሞ ይታይሻል። ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ በእጅሽ አትጠምዝዢ፣ በቢላ ቁረጪ። ከነካሽ አትሺው፤ የበለጠ ይገባል። ፕላስተር ለጥፈሽ ንቀዪው፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቢ። ካበጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ።

የጅዳዋ፦
እሾህ አልባ የሚባለው ክሌምሰን ስፓይንለስ የተባለ ዘር አለ፤ ፍሬው ለስላሳ ነው፣ ቅጠሉ ግን አንዳንድ ሰው ያሳክካል፤ ጓንቱን አትተዪ። ዝልግልግነቱን ካልወደድሽው ሳትከትፊ እጠቢው፣ በጨርቅ አድርቂው፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ጨምሪበት። እሸቱ ሲተርፍሽ ከትፈሽ አድርቂና ፍጪው፤ ሱዳኖች ወይካ የሚሉት እሱ ነው፣ ወጥ ያወፍራል።

የመተማዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዛሬ በጓንት ለቀምኩ፣ ክንዴ ሰላም ነው። ክር ያሰርኩበትን መቼ ልቁረጠው?

የአሶሳው ገበሬ፦
ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅና መሰንጠቅ ሲጀምር። ስትነቀንቂው ዘሩ ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ትሰሚዋለሽ።