ፍላሽ ላይ ኮፒ ያደረግኩት ቪዲዮ በትክክል መጻፉን በምን ላረጋግጥ?

የአቶቴዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ማሽኔ ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው፣ 16 ጊጋ ራም አለው። 2 ጊጋ የሚሆን ቪዲዮ ፍላሽ ላይ ኮፒ ሳደርግ ወዲያው 100 ፐርሰንት ይላል። በሻ256 ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ቁጥር) ከዋናው ጋር ሳስተያየው አንድ ነው። ደንበኛው ተጣድፎ ፍላሹን ነቅሎ ይሄዳል። ማታ ይደውላል፦ "ኬኩ ሊቆረስ ሲል ቀጥ አለ!" ቼክሰሙ ልክ ከሆነ ምኑ ነው የተበላሸው?

ባለ ካፌው (አዳማ)፦ ፍላሹ ፎርጅድ ነው። ሌላ ግዢ።

ተርሚናል፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንቸኩል። እህቴ፣ 100 ፐርሰንት የሚልሽ ዳታው ራም ላይ ሲያርፍ ነው። ሊኑክስ ከዚያ በኋላ ከጀርባ ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ፍላሹ ያወርደዋል። ፍላሽሽ በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ከሆነ 2 ጊጋ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሰውየው ግን በአንድ ደቂቃ ነቅሎ ሄዷል። ቼክሰሙም ያነበበው እዚያው ራም ውስጥ ካለው ቅጂ ነው። ፍላሹን ጭራሽ አልነካውም!

ስለዚህ ኮፒው ሲያልቅ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ "ሲንክ" ብለሽ አዘዢ፤ ጽፎ እስኪጨርስ አይመለስልሽም። ከዚያ ኤጀክት አድርጊ፣ ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪ፣ ቼክሰሙን ያኔ አውጪ። አሁን የግዱን ከፍላሹ ያነባል።

የታቦር ልጅ፦ መንቀል ከሰለቸሽ በሩት (በአስተዳዳሪ መብት) ገብተሽ "ድሮፕ ካሽስ" የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ላይ 3 ጻፊ፤ ራም ላይ ያለውን ቅጂ ያራግፋል። ግን መጀመሪያ ሲንክ! ያልተጻፈ ዳታን አያራግፍም፣ የተጻፈውን ብቻ ነው።

ባለ ካፌው (አዳማ)፦ እኛ ጋ በዊንዶውስ እንዲህ አይነት ጣጣ የለም።

ተርሚናል፦ ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1809 ወዲህ ዲፎልቱ "ኩዊክ ሪሙቫል" (ዳታውን ራም ላይ ሳያቆይ ፍላሹ ላይ የሚጽፍ) ስለሆነ ነው። እሱም ቢሆን ኮፒው ሳያልቅ ከተነቀለ አያድንም። ፎርጅድ ያልከውን ለማጣራት ደግሞ "ኤፍ3" የሚባል ፕሮግራም አለ። ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ አይዋሽም።

የአቶቴዋ፦ ሞከርኩት። 100 ፐርሰንት ካለ በኋላ "ሚምኢንፎ"ን (የራሙን ሁኔታ የሚያሳየውን ፋይል) ሳየው "ደርቲ" (ገና ያልተጻፈ ዳታ) የሚለው መስመር ላይ ከ1 ጊጋ በላይ አለ። ሲንክ ስለው እየወረደ ሄደ። መልሼ ሰክቼም ቼክሰሙ አንድ ነው። ወንድሜ፣ ተባረክ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ተርሚናል፦ ራም ላይ የቀረው ይጠፋል። ዋናውን ፋይል ሳታጠፊ እንደገና ኮፒ ነው። ዩፒኤስ ካለሽ እሰየው።